አቀስታ ላይ የያዘችን ሰንበት

ጎንደር፣ እኛ ሰፈር ውስጥ፣ መካነ ሰላም የት እንደሆነ የሚያውቅ ሰው የለም። ኢየሩሳሌምን በየበሩ እየጠራ የሚያስረዳ ሽማግሌ ሞልቷል፤ መካነ ሰላም ሲባል ግን "እሱ ደግሞ በየት በኩል ነው?" ይላሉ። ስለዚህ ከተመለስኩ ጀምሮ ለጠየቀኝ ሁሉ ከመጀመሪያው እየተነሳሁ ማውራት ሰልችቶኛል። አንድ ጊዜ ልጻፈውና የፈለገ ያንብበው።

ታናሽ እህቴ ዝናሽ መካነ ሰላም ኮሌጅ ከገባች ሁለት ዓመት ሆኗታል። ዘንድሮ ለሦስተኛው ዓመት ምዝገባ ሲጠራ "አልመለስም" አለች። እናቴ አለቀሰች፣ በመጨረሻ "አንቺ አስተማሪ ነሽ፣ ታውቂበታለሽ፣ ይዘሻት ሂጂ" ተባልኩ። ታክሲ ውስጥ "ወራጅ አለ" ለማለት ድምፄ የማይወጣ ሰው መሆኔን ሁሉም ያውቃል። ቢሆንም እኔው ተላክሁ።

የማትመለስበትን ምክንያት የነገረችው ለእኔ ብቻ ነው። እኛ ቤተ እስራኤል ነን። ጎንደር ውስጥ ይህን መናገር ባይቀልም ቢያንስ ምኩራባችን አለ፣ ጎረቤት አለ፣ ቢያሙንም የሚያሙንን እናውቃቸዋለን። እዚያ ግን ብቻዋን ናት፤ ለማንም ተናግራ አታውቅም። ካፌው የሙስሊምና የክርስቲያን ሥጋ በየመስኮቱ ሲያድል እሷ ዓመቱን ሙሉ "ጾመኛ ነኝ" እያለች ሽሮ ትበላለች። አምና ዶርማቸው ውስጥ አንዲት ልጅ ራሷን ስታ ብትወድቅ፣ ጓደኞቿ "ተበልታ ነው፣ ማን ነው ያያት?" እያሉ አልጋ በአልጋ ሲያስሱ አድረዋል። ከሁሉ በላይ የምትፈራው ግን አጠገቧ ያለው አልጋ ላይ የምትተኛውን ሐያትን ነው። ሐያት ሙስሊም ናት፣ የአቀስታ ልጅ። ከጋዛ የሚመጣውን ቪዲዮ በስልኳ እየከፈተች ታለቅሳለች። የእኛ ታላቅ ወንድም ደግሞ እስራኤል ውስጥ ወታደር ነው።

ረቡዕ

መናኸሪያ የደረስነው ገና ሳይነጋ ነበር። ረዳቱ "ሞልቷል፣ ሞልቷል፣ አሁን ወጣ ነው!" እያለ ሻንጣችንን ጣሪያው ላይ ወረወረው። አልሞላም ነበር። ፀሐይ ወጥታ፣ ሰው ቁርሱን በልቶ፣ ሾፌሩ ሻዩን ደግሞ ከጠጣ በኋላ ነው የተነሳነው። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ደብረ ታቦር ሳንደርስ መጠየቅ ጀመሩ፤ የማን ልጅ ነሽ፣ ሰፈርሽ የት ነው፣ ደብርሽስ ማን ነው። ለደብሩ ጥያቄ "ትንሽ ከከተማ ወጣ ይላል" የሚል መልስ ከልጅነቴ ጀምሮ አለኝ። ዝናሽ በመስኮቱ በኩል ነጠላዋን እስከ ቅንድቧ ስባ የተኛች መስላለች።

ንፋስ መውጫን እንዳለፍን ጎማ ፈነዳ። መለወጫው ጎማም የተነፈሰ መሆኑ የታወቀው የፈነዳው ከወለቀ በኋላ ነው። ረዳቱ "ትናንት እኮ ደህና ነበር" አለ፣ እንደ ታመመ ዘመድ። አላፊ መኪና እስኪያበድረን ድረስ መንገድ ዳር ቆየን፤ ጋሸና ስንደርስ መሽቶ ስለነበር ከዚህ በኋላ መኪና አይንቀሳቀስም ተባልን። የጋሸና ነፋስ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ አይቻልም፣ ከሁሉም በኩል ነው። ስለ ጎንደር ብርድ እስካሁን ያማረርኩትን ሁሉ እዚያ ቆሜ አነሳሁ። ያደርንበት ቤት ባለቤት "አንሶላው ትናንት ነው የታጠበው" ብላ ማለችልን። ገና እርጥብ ስለነበር አመንኳት።

ሐሙስ

ከሰዓት በኋላ ደሴ ገባን። ደሴ በሁለት ተራራ መካከል የተጨመቀች ከተማ ናት፤ ጎንደር ሰው ቤተ መንግሥቱን ሊያይ ቆም ይላል፣ እዚህ ግን የቆመ ሰው መንገድ ዘጋ ይባላል። ምሳ የበላንበት ቤት አስተናጋጇ አንገቷ ላይ መስቀል አለ፤ "ሽሮው ይቆያል?" ብላት "አብሽሪ እህቴ፣ ኢንሻአላህ አሁን ይደርሳል" አለችኝ። መስቀሏን ደግሜ አየሁ። እኛ ጋ ቢሆን ሰው ሁሉ ዞሮ ያያት ነበር። ዝናሽ "ወሎ ነዋ፣ ትለምጂዋለሽ" አለችኝ። ራሷ ግን አልለመደችውም።

አልጋ ይዘን እንደገባን ስልኳን አውጥታ የወንድማችንን ፎቶዎች አንድ በአንድ ማጥፋት ጀመረች። በወታደር ልብስ የተነሳውን፣ ከዚያ ከእናቴ ጋር የተነሳውን፣ በመጨረሻ ገና ልጅ ሆኖ ጥጃ ይዞ የተነሳውን።

"ጥጃው ምን አደረገሽ?" አልኳት።

"ፊቱ ያው ፊቱ ነው። አንቺም አጥፊ።"

"አላጠፋም።"

"ስልክሽን ሰው ቢያየውስ?"

"የእኔን ስልክ ማን ያያል? አንቺስ እስከ መቼ እንዲህ ትኖሪያለሽ?"

"እስክመረቅ" አለች። ከዚያ አሰብ አድርጋ፣ "ወይም አሁኑኑ እንመለስ። የሚሻለው እሱ ነው" አለች። ጀርባዋን ሰጥታኝ ተኛች። በእሷ ላይ መናደዴ ነው ወይስ እንዲህ ባደረጋት ነገር ላይ፣ መለየት አቅቶኝ አደርኩ።

አርብ

አርብ ጀምበር ሳትጠልቅ መካነ ሰላም እንገባለን ብዬ ነበር ያሰላሁት። ሰንበት ከገባች በኋላ መኪና ላይ መቀመጥ ለእኛ አይሆንም። ሳይዘገይ ቢነሳ ኖሮ በደንብ ይደርስ ነበር፤ ግን የደሴም አውቶቡስ እንደ ጎንደሩ "ሞልቷል" እያለ ባዶውን ቆመ። ጉጉፍቱን ስናልፍ ጉም ዋጠን። ጉሙ ሲገለጥ ሁለቱም በኩል የገብስ ማሳ ነው፤ ከጎንደር ጤፍ ጋር ሲነጻጸር አጭር፣ ብርድ ያጎበጠው ይመስላል።

አቀስታ ላይ ሾፌሩ መኪናውን አቁሞ "ጁምዓ ሰግደን እንነሳለን" አለ። ተሳፋሪው ግማሹ ለሶላት፣ ግማሹ ለምሳ ወረደ። ምንም ማለት አልችልም፤ እኔም የምቸኩለው ለጸሎት ነው። ሶላቱ አልቆ ሾፌሩ ምሳውን በላ። ምሳው አልቆ "ከፊታችን የጭነት መኪና መንገድ ላይ ተገልብጧል፣ ዛሬ አያሳልፍም" ተባለ። እንደምንም ድፍረት አሰባስቤ ሾፌሩ ዘንድ ሄድኩና ሌላ መንገድ የለም ወይ ብዬ ጠየቅሁት። በጣም ቀስ ብዬ ስለተናገርኩ "መጸዳጃ ቤቱ በጓሮ ነው እህቴ" አለኝ።

አልጋ ፍለጋ ዞርን። ስልጠና የመጡ ሠራተኞች ሁሉንም ይዘውታል። ፀሐይዋ እያዘቀዘቀች ነው።

"ሐያት የዚህ ልጅ አይደለችም? ደውይላት" አልኳት።

"አልደውልም።"

"ታዲያ የት እንደር?"

"መኪናው ውስጥ።"

"ዝናሽ፣ ሰንበት እየገባች ነው።"

"ትግባ። እሷ ቤት ከማድር እዚሁ በብርድ ብሞት ይሻለኛል።"

ስልኩን ከእጇ ወስጄ ደወልኩ። ያን ያህል ደፋር ሆኜ አይደለም፤ እግሬ ደንዝዞ፣ ትዕግሥቴም አልቆ ነበር። ዝናሽ "ከዳሽኝ" የምትል ይመስል አየችኝ።

ሐያት ቀጭን ልጅ ናት፣ ጥቁር ሻሽ ያደረገች። እሷና ዝናሽ ሲጨባበጡ ሁለቱም መሬት መሬት ያያሉ። ሁለት ዓመት አንድ ክፍል የኖሩ ሰዎች እንዲህ ሲገናኙ አይቼ አላውቅም። ቤታቸው ግን ሌላ ነበር። እናቷ እትዬ ዘሃራ ጨውና ሳሙና የሚሸጡበት ትንሽ ሱቅ አላቸው፤ ሱቁን ዘግተው እጃችንን ይዘው አስገቡን።

"መርሃባ! የልጄ የዶርም ጓደኛ! ኧረ ግቡ፣ ኧረ አትቁሙ፣ የኛ ብርድ ቀልድ አያውቅም!" አሉ። ወዲያው ልጃቸውን እያሳዩኝ፣ "እቺ ደግሞ ቤት ተቀምጣለች። ምዝገባው ሊያልፍ ነው፣ አመመኝ ትለኛለች። ምኗን እንዳመማት አላህ ያውቀዋል እንጂ እኔ አላገኘሁትም። አስተማሪ ነኝ አላልሽም? እስቲ ምከሪልኝ!" አሉኝ።

ሐያትም አልመለስም ማለቷን ያወቅነው ያኔ ነው።

እራት የምስር ወጥ በገብስ እንጀራ ቀረበ። "አርብ አይደል፣ ጾማችሁን ነው" አሉ እትዬ ዘሃራ፣ እንደ ክርስቲያን ቆጥረውን። እንጀራና ምስር ከማንም ቤት እንበላለንና ደስ ብሎን በላን። ከዚያ የራሳቸውን አልጋ ለቀቁልን። ብትከራከሩ አትችሏቸውም፤ እኔ ለመከራከር አፌን ስከፍት እሳቸው ብርድ ልብሱን አልብሰውኛል። የሰንበት ጸሎታችንን ተሸፋፍነን በሹክሹክታ አደረስን።

ቅዳሜ

ጠዋት የነቃሁት በዶሮ ጩኸት ነው። ግቢው ውስጥ አንድ ጎልማሳ ሰው ቀይ ዶሮ በክንፏ ይዘዋል፣ በሌላው እጃቸው ቢላዋ። እትዬ ዘሃራ አጠገባቸው ቆመው በኩራት ፈገግ ይላሉ።

"የእኛን እርድ እንደማትበሉ አውቃለሁ። ለዚህ ብዬ አያ ታደሰን ጠራኋቸው። ጎረቤታችን ናቸው፣ ክርስቲያን ናቸው፣ ቢላዋውም የራሳቸው ነው። አይዟችሁ።"

ወሎ ውስጥ እንዲህ ያደርጋሉ፤ የሌላ ሃይማኖት እንግዳ ሲመጣ የእምነቱን አራጅ ከጎረቤት ይጠሩለታል። ጎንደር ቢሆን "ሽሮ ብሉ" ተብሎ ያልፍ ነበር፤ ይሻልም ነበር። ለእኛ የሙስሊሙም የክርስቲያኑም እርድ አይሆንም፤ በሰንበት ደግሞ ጭራሽ። ሴትየዋ ግን ባላቸው ላይ የሌላቸውን ጨምረው፣ ጎረቤት አስቸግረው፣ ሁሉን አስበው ጨርሰዋል። እንዲህ ያለ ደግነት እንዴት ይመለሳል?

"እኛ... ጾመኞች ነን" አልኩ።

አያ ታደሰ ቢላዋቸውን ዝቅ አደረጉ። "በቅዳሜ? የምን ጾም?"

"የ... የስእለት።"

"ልጄ፣ እኔ ድቁና የተማርኩ ሰው ነኝ። የአዋጅ ጾም ካልገባ በቀር ቅዳሜ ጾም የለም። የትኛው ቄስ ነው እንዲህ ያለ ስእለት የሰጠሽ?"

"ዶሮ አይስማማኝም ለማለት ነው።"

"ለእህትሽስ?"

"ለእሷም።"

"ምነዋ! ዘሃራ፣ ክምሬን ትቼ ነው እኮ የመጣሁት! ገብሱ ላይ ከብት እየገባ ይሆናል!"

እትዬ ዘሃራ ግራ ገባቸው። "እንግዲያ በኛ ይታረድ?" አሉ።

"እሱም... አይሆንም።"

ሁለቱም አዩኝ። ዶሮዋም ጮኸች። ሐያት በር ላይ ቆማ ዝናሽን ነው የምታየው። እኔ አራተኛ ውሸት እየፈለግሁ ስንተባተብ ዝናሽ ከኋላዬ ወጣች።

"በቃ እታለም! በቃ ተዪው!" አለች። "ቤተ እስራኤል ነን። የናንተም የሳቸውም ቢላዋ አይሆነንም። ዛሬም ሰንበታችን ነው። ይኸው።"

አያ ታደሰ ዶሮዋን ወደ ደረታቸው ሳብ አደረጓት፣ ሳያስቡት መሰለኝ።

"ቀጥቃጮች ናችሁ?" አሉ ቀስ ብለው። ይህች ጥያቄ ከኋላዋ ምን እንዳለ ሰፈሬ ያለ ሁሉ ያውቀዋል። ብረት የሚቀጠቅጥ ሁሉ ቡዳ ነው የሚባልበት አገር ነው ያደግነው።

"ባዮሎጂ ነው የማስተምረው" አልኩ። ከጉዞው ሁሉ ጮክ ብዬ የተናገርኩት ይህንን ብቻ ነው።

የተናደዱት እትዬ ዘሃራ ናቸው፤ የተናደዱት ግን በሌላ ነገር። "ያረቢ! ታዲያ ይህን ትናንት አትሉም? ጎመን አልነበረኝም? ድንች አልነበረኝም? እንግዳ ጦሙን ሊውልብኝ ነበር እኮ! አያ ታደሰ፣ ምን ቆመው ያፈጣሉ? ይልቀቋት ዶሮዋን!"

"ቀጥቃጭ ናችሁ ወይ ብል ምን..."

"ቀጥቃጭ ብትሆንስ? የርስዎን ማረሻ ማን ቀጠቀጠው? መላእክት?"

አያ ታደሰ ዶሮዋን ለቀቋት። እስከ አጥሩ ሄደው ዞር አሉና "ገብሱን አይቼ እመለሳለሁ" አሉ። አልተመለሱም። እትዬ ዘሃራ እሳቱን ራሳቸው አያያዙ፣ ድንቹን ራሳቸው ቀቀሉ፣ "እናንተ ዛሬ እንጨትም እንዳትነኩ፤ የአባቴ ጎረቤት የነበረ ሰው እንዲህ ነበር፣ አውቀዋለሁ" አሉ። የእሳቸውን ድንች ስበላ ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም።

ሐያት ግን ጓዳ ገብታ ቀረች። ዝናሽ ሻንጣዋን ዘጋች። "ነገ ወደ ጎንደር ነው" አለችኝ።

ከቀትር በኋላ ቤቱ ውስጥ ከሜዳው ይበልጥ ስለሚበርድ ጓሮ ፀሐይ ላይ ተቀምጠን ነበር። ሐያት መጥታ ከዝናሽ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

"መስገጃዬን አንቺ ነሽ?" አለቻት።

"ምን?"

"ባለፈው ዓመት መስገጃዬ ላይ ውኃ ተደፍቶበት ያገኘሁት። ክረምት ነበር፣ አልደርቅ ብሎኝ በርጥቡ ሰገድኩ።"

"እኔ? እኔ ለምን?"

"አንድ ቀን ጾም የማትፈቺ፣ ነጠላ ከራስሽ የማይወርድ፣ ቃል የማትተነፍሺ አንቺ ብቻ ነሻ! አክራሪ ናት ብዬ ነበር። ተኝቼ እንኳ ጀርባዬን ሰጥቼሽ አላውቅም፣ ወላሂ።"

ዝናሽ አፏን ከፍታ ቀረች። "እኔ ነኝ የምፈራሽ" አለች።

"እኔን? ምኔን?"

ዝናሽ ወደ እኔ አየች። አልረዳኋትም፤ መናገሩ የእሷ ነበር።

"ወንድሜ እስራኤል ነው ያለው።"

"እሺ።"

"ወታደር ነው።"

ሐያት ትንሽ ወደ ኋላ ሸሸች። እኔ የዶሮዋን እግር ነበር የማየው፤ አፈሩን ትጭራለች፣ ምንም እንዳልተፈጠረ።

"ያንን ሁሉ ቪዲዮ ስከፍት አጠገቤ ነበርሽ" አለች ሐያት።

"ፊቴን ወደ ግድግዳው አዙሬ።"

"ተኝተሽ መስሎኝ። ... ፎቶው አለሽ?"

"አጠፋሁት። ሐሙስ።"

"ሰው ገድሏል?"

"አላውቅም።"

"አልጠየቅሽውም?"

"ማን ይጠይቀዋል? እናቴ አለህ ወይ ትለዋለች፣ አለሁ ይላታል፣ ትዘጋለች። እኔ ስልኩን ሰጥቻት ወደ ውጭ እወጣለሁ።" ከዚያ ጨመረች፣ "ቪዲዮው ላይ ያሉትን ልጆች ግን አይቻለሁ። ሳልፈልግ። ድምፃቸውን ደግሞ ሁሉንም።"

ሐያት ማልቀስ ጀመረች። ዝናሽ አላባበለቻትም፤ እሷም አለቀሰች። እኔ ጣልቃ ገብቼ የሚያምር ነገር መናገር ነበረብኝ፣ አስተማሪ ነኝና። ምንም አልመጣልኝም። ሐያት ተነስታ "አሁን አላናግርሽም" አለችና ገባች።

እሑድ

የተገለበጠው መኪና ተነስቷል ተባለ። ሐያት የመስገጃውን ነገር ማታ ለእናቷ ነግራቸው ኖሯል፤ እትዬ ዘሃራ በግድ ቀስቅሰው ሲያስለብሷት ሰማሁ፤ "አመመኝ ያልሽው ውኃ የደፋብሽን ፈርተሽ ነው? እቺ አይደለችም አላለችሽም? ታዲያ ተነሺ!" ልጅቱ መስገጃዋን ጠቅልላ ወጣች። ዝናሽም ከኋላዋ ሄደች። ወደ ደሴ የሚሄደው መኪና እዚያው ቆሞ ነበር። ለምን በዚያኛው እንዳልተሳፈረች አልጠየቅኋትም፤ ብጠይቃት ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ።

አውቶቡሱ ውስጥ ሐያት ዝናሽን አልፋ እኔ ጎን ተቀመጠች።

"እህትሽ ውሸት ትናገራለች?" አለችኝ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ" አልኳት።

"ስለ መስገጃውስ?"

"ስለሱ አትዋሽም።"

ሌላ አልጠየቀችኝም። መካነ ሰላም እስክንደርስ ሁለቱ አንድ ቃል አልተለዋወጡም። መካነ ሰላም ስሟን ሰምታችሁ ትልቅ ገዳም የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ አቧራ፣ ባጃጅና ከጎንደር የባሰ መብራት የሚጠፋባት ከተማ ናት። ሰዎቿ ደህና ናቸው። ለምሳ ገብቼ ያዘዝኩት ሳይሆን ሌላ መጣልኝ፣ ለመመለስ አፍሬ በላሁት።

ኮሌጁ በር ላይ ጥበቃው "መታወቂያ የሌለው አይገባም" ብሎ እኔን ከሻንጣዎቹ ጋር አቆመኝ። በአጥሩ በኩል የዶርም ኃላፊዋን አያታለሁ፤ ቁልፍ ይዛ ተማሪ ትመድባለች።

"እናንተስ? የድሮው ክፍል ይሁን ወይስ ልለያያችሁ?" አለቻቸው። "ቦታ አለ።"

ዝናሽ መሬት መሬት ታያለች። እንደዚያ አንገቷን ስትደፋ ከልጅነታችን ጀምሮ አውቃታለሁ፤ ሌላ ሰው እንዲወስንላት ትጠብቃለች፣ ከዚያም የተወሰነላትን ይዛ ትፈራለች። አጥሩን ጨብጬ ቆምኩ።

"የድሮው ይሁን" አለች ሐያት። ከዚያ ወደ ዝናሽ ሳትዞር፣ "ቪዲዮውን ግን እከፍታለሁ።"

ዝናሽ ቀና አለች።

"ክፈቺ" አለች። "እኔም ለወንድሜ ከዶርም እደውላለሁ። ጮክ ብዬ።"

"ደውይ።"

"እደውላለሁ።"

"ደውይ አልኩ እኮ!"

ኃላፊዋ ቁልፉን ሰጥታ ወደ ሌሎቹ ዞረች። ፍራሽ ከግምጃ ቤት ራሳቸው ተሸክመው ነው የሚወስዱት፤ ሁለቱን ደርበው አንዷ ከፊት አንዷ ከኋላ ያዙ። ደረጃው ላይ ሲደርሱ ሐያት ፈጠነች መሰለኝ፣ ወይም ዝናሽ ዘገየች። ፍራሹ ዘመመ። ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ግቢ ውስጥ በሹክሹክታ የኖረችው እህቴ፣ ተማሪው ሁሉ እየሰማት፣

"ቀስ በይ እንጂ! እግሬን ሰበርሽው እኮ!" ብላ ጮኸች።

"አንቺ ነሽ የማትይዢው!" ብላ ሐያት መለሰችላት፣ እየተጨቃጨቁም ደረጃውን ወጡ።